የናሽቪል ተማሪዎች ለክፉ ቀን እንዴት እንደ ተሰናዱ

የዛሬ ሁለት ዓመት፥ እኛ የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች በነበርንበት ጊዜ፥ በከተማችን አንድ ቀን ረብሻ ተነሣ። ነገሩ ከእኛ ጋር የሚያገናኘው አልነበረም። ከገበያው በኩል ጩኸት ተሰማ፤ ቀጥሎም እንደ ተኩስ ያለ ድምፅ መጣ፤ ወዲያው ደወል ሳይደወል፥ መምህርም ሳያዝ፥ ሁላችንም በአንድ ጊዜ ወደ ውጭው በር ሮጥን። በሩ ግን ተቈልፎ ነበረ። ቁልፉን የያዙት ዘበኛ በሩን ከውጭ ቈልፈው ምን እንደ ሆነ ለማየት ወደ ገበያው ሄደው ኖሯል። ከኋላ ያለው ይገፋል፥ ከፊት ያለው «አትግፉ!» እያለ ይጮኻል፤ የሚሰማ ግን የለም። የክፍላችን ልጅ የነበረች አንዲት ተማሪ ክንዷ ተሰበረ። ሁለት ትንንሽ የ7ኛ ክፍል ልጆችም ከእግር ሥር ወድቀው በብዙ ጭንቅ ተነሡ። ረብሻው የትምህርት ቤታችን አጥር አጠገብ እንኳ አልደረሰም፤ የተጎዳነው በገዛ እግራችን ነው።

በዚያው ሳምንት የታሪክ መምህራችን የዕለቱን ትምህርት ትተው አንድ ጥያቄ ጠየቁን። «በእናንተ ዕድሜ ያሉ ተማሪዎች ሁከት ካለበት ቦታ ገብተው በሥርዓት የወጡበት ታሪክ ይገኛልን? ከተገኘስ ምን አድርገው ነው?» አሉን። አምስት ሆነን በቤተ መጻሕፍት ስንመረምር ብዙ ነገር አገኘን፤ ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የሳበው ግን በአሜሪካ አገር በቴኔሲ ግዛት ዋና ከተማ በናሽቪል በ1960 የተደረገው ነው። (ዓመቶቹን የጻፍናቸው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው፤ ያ ጊዜ በእኛ 1952 ዓ.ም. መሆኑ ነው።) እርግጥ ነው፥ የናሽቪል ተማሪዎች እንደ እኛ ሁከቱ በድንገት የመጣባቸው አልነበሩም፤ አደጋ እንዳለበት እያወቁ ስለ መብታቸው ብለው በፈቃዳቸው የገቡ ናቸው። ቢሆንም አደጋን አስቀድሞ ማሰብ ምን ማለት እንደ ሆነ ከእነርሱ አብልጦ የሚያሳየን አላገኘንም።

በዚያ ዘመን በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ጥቁሮችና ነጮች በትምህርት ቤት፥ በአውቶቡስ፥ በሆቴልና በሆስፒታል ተለያይተው ይኖሩ ነበር። በናሽቪል መካከል ባሉት ታላላቅ መደብሮች አንዲት ጥቁር እናት ልብስና ጫማ ገዝታ ገንዘቧን ብትከፍል ይቀበሏታል፤ ነገር ግን በዚያው መደብር ውስጥ ባለው የምሳ ባንኮኒ ተቀምጣ አንድ ነገር ልቅመስ ብትል አይሆንም ትባላለች። ልጇ ደክሞት እዚያ ልቀመጥ ብሎ ሲያለቅስባት የምትሰጠው መልስ አልነበራትም። የናሽቪል ሰዎች ተሰብስበው ከየትኛው በደል እንጀምር ብለው በተማከሩ ጊዜ ይህን ያነሡት እናቶች ነበሩ፤ ባንኮኒው የተመረጠውም ስለዚህ ነው። ከሩቅ ሲያዩት የአንድ ሲኒ ቡና ጉዳይ ይመስላል፤ ልጁን ይዛ ለቆመችው እናት ግን እንዲህ አልነበረም።

የዝግጅቱ አስተማሪ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የሆኑት ጄምስ ሎውሰን ነበሩ። እኒህ ሰው በኮርያ ጦርነት ዘመን ወደ ጦር ሠራዊት አልገባም ብለው ከአንድ ዓመት በላይ ታሰሩ። ከዚያም በ1953 በሚሲዮናዊነት ወደ ህንድ አገር ሄደው በናግፑር ከተማ በሂስሎፕ ኮሌጅ ሦስት ዓመት ያህል አስተማሩ፤ የማህትማ ጋንዲንም የትግል መንገድ በዚያው አጠኑ። እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ስለ ሆንን ሚሲዮናዊ ሲባል የምናስበው ከባሕር ማዶ ወደ እኛ የሚመጣውን ነጭ ሰው ነበር፤ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሊያስተምር ወደ ህንድ ሄዶ፥ ከህንድም ሌላ ትምህርት ተምሮ ወደ አገሩ መመለሱን ስናነብ እጅግ ተደነቅን። በሞንትጎመሪ ከተማ ያሉ ጥቁሮች በ1955 መጨረሻ በአውቶቡስ አንሳፈርም ማለታቸውን ሎውሰን ያነበቡት በናግፑር ጋዜጣ ላይ ነው። ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1957 ከዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ጋር ሲገናኙ፥ ዶክተር ኪንግ ሳይዘገዩ ወደ ደቡብ እንዲመጡ ለመኗቸው፤ በ1958 ናሽቪል ገብተው በቫንደርቢልት ዩኒቨርስቲ የሥነ መለኮት ተማሪ ሆኑ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በ1959 በየማክሰኞው ማታ በክላርክ መታሰቢያ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ተማሪዎች ይሰበሰቡ ጀመር። ከፊስክ ዩኒቨርስቲ፥ ከቴኔሲ የእርሻና የኢንዱስትሪ ዩኒቨርስቲ፥ ከአሜሪካ ባፕቲስት የሥነ መለኮት ትምህርት ቤትና ከሜሃሪ የሕክምና ኮሌጅ የመጡ ነበሩ። በመጀመሪያ ስለ ወንጌልና ስለ ጋንዲ ይማራሉ፤ ቀጥሎ ወንበር ተደርድሮ ልምምድ ይደረጋል። ከፊሎቹ በባንኮኒ እንደ ተቀመጡ ይሆናሉ፥ የቀሩት ደግሞ እንደ ተሳዳቢና እንደ ደብዳቢ ይሆኑባቸዋል። ይሰድቧቸዋል፥ የሲጃራ ጢስ ፊታቸው ላይ እፍ ይሉባቸዋል፥ ከወንበራቸው ገፍትረው ይጥሏቸዋል። የወደቀው ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ በሁለት እጁ ራሱን መሸፈንን ይማራል። ከቻለም የሚመታውን ሰው ዐይን ዐይኑን ማየትን ይማራል፤ ምክንያቱም ሰው ፊቱን የሚያይለትን ሰው አብዝቶ ለመምታት ያዳግተዋል ይሉ ነበር። አንዱ ብቻውን ክፉኛ ሲደበደብ ጓደኛው መሐል ገብቶ በገላው ይከልለዋል፤ በዚህ ዓይነት ዱላው በአንድ ሰው ላይ እንዳይከማች ይከፋፈሉታል።

ይህን በመጀመሪያ ስናነብ ሳቅን፤ እውነቱን መደበቅ አይገባንም። ሰው መመታትን እንደ ሒሳብ ይለማመዳልን? አልን። ኋላ ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ባዶ ክፍል ገብተን ራሳችን ሞከርነው። ከእኛ አንዱ ተቀመጠ፥ ሌላው ወንበሩን ከሥሩ ሳበበት። የተቀመጠው ልጅ ጨዋታ መሆኑን እያወቀ፥ የሳበበትም የልብ ጓደኛው ሆኖ ሳለ፥ እጁን ጨብጦ ተነሣ። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። በጨዋታው እንዲህ የሆነ ሰው በእውነቱ ቀን ምን ያደርጋል? የናሽቪል ልጆች ወራት የፈጀባቸው ይህን ለማሸነፍ ነው።

ሥራውንም በችኮላ አልጀመሩትም። በ1959 በኅዳር ወር ሁለት ጊዜ፥ ይኸውም በአውሮፓውያን ኖቬምበር 28 እና ዲሴምበር 5 ቀን፥ ጥቂቶቹ ሃርቪስና ኬን ስሎን ወደሚባሉት መደብሮች ሄደው ዕቃ ገዙ፤ ቀጥለው በባንኮኒው ተቀመጡ። አናስተናግድም ሲባሉ የመደብሩን ኃላፊ በትሕትና ጠይቀው ምክንያቱን ሰምተው ወጡ። ማንም አልተነካም። ነገር ግን ቦታው ምን እንደሚመስልና ኃላፊዎቹ ምን እንደሚመልሱ በዐይናቸው አይተው ተመለሱ።

በፌብሩዋሪ 1 ቀን 1960 በግሪንስቦሮ ከተማ አራት ተማሪዎች በአንድ ሱቅ ባንኮኒ ተቀምጠው አልነሣም ባሉ ጊዜ ወሬው ደቡብን ሁሉ አናወጠው። በናሽቪልም በጥቂት ቀን ውስጥ 500 ያህል ተማሪ እኔም እሄዳለሁ ብሎ መጣ፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ ልምምዱን ያላዩ ነበሩ። ታላላቆቹ «ለዋስ የሚሆን ገንዘብ 100 ዶላር እንኳ የለንም፤ ጥቂት ቀን ቈዩ» ብለው መከሩ። ልጆቹ እንቢ አሉ። ሎውሰንም ሌሊቱን ለአዲሶቹ ትምህርቱን አሳጥረው ሲያስረዱ አመሹ። እኛ እንደሚመስለን የታላላቆቹ ምክር ከንቱ አልነበረም፤ ገንዘቡ በኋላ እጅግ አስፈልጓልና።

በማግስቱ በፌብሩዋሪ 13 ቀን (የካቲት 5 ቀን 1952 ዓ.ም.) በረዶ በጣለበት መንገድ 124 ተማሪዎች የእሑድ ልብሳቸውን ለብሰው፥ መጽሐፋቸውን ይዘው ወደ ሦስት መደብሮች ገቡ። አስተናጋጆቹ ከመደንገጣቸው የተነሣ ሳህን ከእጃቸው ይወድቅ ነበር። ልጆቹ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ቈይተው እንደ መጡ ወጡ። በሚቀጥሉት ቀኖች ቍጥራቸው እየጨመረ ሄደ።

አስፈሪው ቀን ፌብሩዋሪ 27 ቅዳሜ ነበረ። ዊል ካምቤል የሚባሉ አንድ ነጭ ፓስተር አስቀድመው መጥተው፥ በዚያ ቀን ፖሊሶች ገለል እንደሚሉና ጋጠ ወጦች እንዲገቡባቸው መንገድ እንደሚለቀቅ ነገሯቸው። ልጆቹ መቅረት ይችሉ ነበር። ከመከሩ በኋላ ለመሄድ ወሰኑ፤ የሄዱት ግን እንዲሁ አልነበረም። ጆን ሉዊስና በርናርድ ላፋየት የተባሉ ሁለት የሥነ መለኮት ተማሪዎች የሥርዓት ወረቀት ጽፈው በማባዣ መኪና አባዝተው ለእያንዳንዱ ሰጥተው ነበር። ወረቀቱ ቢመቱህ አትምታ፥ ቢሰድቡህ አትሳደብ፥ ቀጥ ብለህ ፊትህን ወደ ባንኮኒው አዙረህ ተቀመጥ የሚል ነው። ለእኛ ከዚህ ይልቅ ቁም ነገር ሆኖ የታየን የቀረው ክፍሉ ነው። በርና መተላለፊያ አትዝጋ ይላል። አለቃህ ሳይፈቅድልህ ከቦታህ አትነሣ፥ የደረሰውን ነገር ሁሉ ለአለቃህ ንገር፥ ጠያቂ ሲመጣብህ በትሕትና ወደ አለቃህ ምራው ይላል። እንግዲህ በየመደብሩ አለቃ ነበረ ማለት ነው። ከአለቃውም ሌላ ሳይቀመጥ ዳር ሆኖ የሚያይ፥ ያየውንም ሮጦ የሚያስታውቅ ሰው ነበረ፤ መገናኛውም የፓስተር ኬሊ ሚለር ስሚዝ ቤተ ክርስቲያን ነው።

እንደ ተባለውም ሆነ። ጋጠ ወጦች ገብተው ተማሪዎቹን ከወንበር እየጐተቱ ደበደቧቸው፥ የሚነድ ሲጃራ በላያቸው ላይ አጠፉ። ፖል ላፕራድ የሚባል በፊስክ የሚማር ነጭ ተማሪ ከጥቁሮቹ ጋር ስለ ተቀመጠ ከወንበሩ ተጐትቶ ወድቆ ተረገጠ። ፖሊስም በኋላ መጥቶ ያሰረው ደብዳቢዎቹን ሳይሆን ተቀማጮቹን ነው። ይሁን እንጂ የመጀመሪያዎቹ ታስረው ሲወጡ ሁለተኛው ቡድን ገብቶ በባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ እነዚያም ሲወሰዱ ሦስተኛው ተተካ። በዚያ ቀን 81 ተማሪዎች ታሰሩ። ከመካከላቸው አንድ እንኳ እጁን ለመምታት አላነሣም። ስለ ድፍረታቸው ብዙ ተጽፏል፤ እኛ ግን የምናስበው ስለ ተተኪዎቹ ነው። በመንገድ ዳር ቆመው የጓደኞቻቸውን መደብደብ በመስኮት እያዩ፥ ተራቸው እስኪደርስ ሳይሮጡ፥ ሳይገፉ፥ ሳይጮኹ ጠበቁ። እኛ በበሩ አጠገብ ያቃተን ይኸው ነበር።

በፍርድ ቤት ጥቁሩ ጠበቃ አሌክሳንደር ሉቢ ከሌሎች ጠበቆች ጋር ቆሙላቸው። 50 ዶላር መቀጫ ተፈረደባቸው፤ ዳያን ናሽ፥ ጆን ሉዊስና ሌሎችም መቀጫውን ከመክፈል መታሰርን መረጡ። ሎውሰን በማርች 3 ቀን ከዩኒቨርስቲያቸው ተባረሩ። ከብዙ ዓመት በኋላ፥ በ2006፥ ያው ዩኒቨርስቲ አስተማሪ አድርጎ ጠራቸው። ጥቁሩ ሕዝብም ከፋሲካ በፊት ከመሐል ከተማው መደብሮች አንገዛም ብሎ አደመ፤ ባለ መደብሮቹ ከሁሉ ይልቅ የተሰማቸው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

በኤፕሪል 19 ቀን (ሚያዝያ 11) ገና ሳይነጋ በጠበቃ ሉቢ ቤት ላይ ድማሚት ተጣለ። ቤቱ ፈረሰ፤ ባልና ሚስቱ ግን በጓዳ ተኝተው ስለ ነበሩ በተአምር ተረፉ። በአቅራቢያው ያለው የሜሃሪ የሕክምና ኮሌጅ (ስሙ በእኛ ጆሮ «መሐሪ» እንደ ማለት ይሰማል) ከ140 በላይ መስኮቶቹ ረገፉ። ሰው ሁሉ የሚቈጣበት፥ ቍጣውም ወደ ሌላ ጥፋት የሚያመራበት ሰዓት ይህ ነበረ። ያን ዕለት በብዙ ሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ ወደ ከተማው አዳራሽ ተጓዘ፤ ግን ሦስት ሦስት ሆኖ ተሰልፎ፥ ሳይዘፍን፥ ሳይፈክር፥ ዝም ብሎ ሄደ። ዝምታው ራሱ ጥበቃ እንደ ነበረ እኛ እናምናለን፤ የሚጮኽ ሕዝብ ውስጥ ማን ድንጋይ እንደ ወረወረ አይታወቅም፥ በዝምታ በሚሄድ ሰልፍ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ጐረቤቱን ያያል፥ ትእዛዝም ይሰማል። በደረጃው ላይ ቄስ ሲ ቲ ቪቪያን ጽሑፍ አነበቡ፤ ከከንቲባው ከቤን ዌስት ጋርም ተከራከሩ። ከዚያ የ21 ዓመቷ ዳያን ናሽ ነገሩን ወደ አንድ ጥያቄ አጠረችው፤ ሰውን ስለ ዘሩና ስለ ቀለሙ ብቻ መለየት ትክክል አለመሆኑን እንደ ሰው ያምኑ እንደ ሆነ ጠየቀቻቸው። ከንቲባውም ትክክል አይደለም ሲሉ በሕዝብ ፊት መሰከሩ። ይህች ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች እጅግ ትፈራ እንደ ነበረ ራሷ በኋላ ተናግራለች፤ ይህን ስናነብ ልባችን ተጽናና።

በማግስቱ ዶክተር ኪንግ በፊስክ ዩኒቨርስቲ ሊናገሩ መጡ። በሺሕ የሚቈጠር ሰው በስፖርት አዳራሹ ታጭቆ ሳለ ቦምብ ተቀብሯል የሚል ወሬ መጣ። ሕዝቡ ከአዳራሹ ወጣ፥ ቦታው ተፈተሸ፥ ሕዝቡ ተመልሶ ገባ፥ ንግግሩም ቀጠለ። መጻሕፍቱ ይህን የሚያልፉት በአንድ መሥመር ነው። እኛ ግን በዚያች መሥመር ላይ ብዙ ቈየን፤ ክንዷ የተሰበረው የክፍላችን ልጅም ሁለት ጊዜ ደግማ አነበበቻት።

የሜይ 10ም (ግንቦት 2) ነገር እንደዚሁ ነው። ባለ መደብሮቹ ከተስማሙ በኋላ እንኳ ልጆቹ ድል አደረግን ብለው በጭፈራ አልገቡም። ባለ መደብሮቹ አስቀድመው ባወቁት ቀን ጥቂት ጥቂት ሆነው ገብተው ምግብ አዘዙ፤ ከበሉም በኋላ ከፍለው ወጡ። በዚያ ቀን ስድስት መደብሮች ለጥቁሮች ባንኮኒያቸውን ከፈቱ፤ ሁከትም አልተነሣም።

አንባቢዎቻችን ግን ዝግጅት ያለው ሰው አይጎዳም ብለን የምናስተምር እንዳይመስላቸው። በ1961 ጥቁሮችና ነጮች አብረው በአውቶቡስ ወደ ደቡብ ሲጓዙ በአኒስተን ከተማ አጠገብ አውቶቡሱ ተቃጠለ። ጉዞው ሊቀር ሲል ዳያን ናሽ ከናሽቪል ሌሎች ተማሪዎች እንዲተኩ አደረገች። አንዳንዶቹ ከመሄዳቸው በፊት «ብሞት ለቤተ ሰቤ ላኪልኝ» ብለው የታሸገ ደብዳቤ በእጇ ትተው ነበር። በሜይ 20 ቀን በሞንትጎመሪ ጆን ሉዊስና ጂም ዝዌርግ ደም በደም እስኪሆኑ ተደበደቡ። ሁለቱም የሚገባውን ሁሉ የተማሩ ነበሩ። ሉዊስ ከሞት ተርፎ በአሜሪካ ምክር ቤት ከ30 ዓመት በላይ አገልግሎ በጁላይ 17 ቀን 2020 ዐረፈ፤ ቄስ ቪቪያንም ያረፉት በዚያው ቀን ነው። ሎውሰን 95 ዓመት ኖረው በ2024 ዐረፉ።

ይህን ጽሑፍ ስንጽፍ ከአምስታችን አንዱ በአንድ ነገር አልተስማማም፤ እስከ ዛሬም አልተስማማም። «ሰው ሲመታኝ ራሴን ሸፍኜ እተኛለሁ ማለት ለእኔ አይሆንልኝም፤ የምሮጥበትን መንገድ ግን አስቀድሜ ማወቅ እፈልጋለሁ» ይላል። የቀረነው አራታችን ብዙ ተከራክረነዋል። ልጁ በነገሩ ውስጥ እውነት እንዳለው ግን አልካድንም፤ እርሱ ራሱ በዚያን ቀን ከሁለቱ ትንንሽ ልጆች አንዱን ከእግር ሥር ጐትቶ ያወጣ ነውና።

ባለፈው ዓመት አስተያየታችንን ጽፈን ለርእሰ መምህሩ ሰጥተን ነበር። አሁን የውጭው በር ቁልፍ ሁለት ሆኗል፤ አንደኛው በመምህራን ክፍል ከግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። በየክፍሉ ሁለት ሁለት ልጆች ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍሎች ተመድበዋል፤ ደወሉ ሦስት ጊዜ ከተደወለ እነርሱ ወደ ትንንሾቹ ይሄዳሉ፥ ሌላው በክፍሉ ተቀምጦ ስሙ እስኪጠራ ይጠብቃል። እስካሁን የሞከርነው ሁለት ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ሰባት ልጆች ወደ በሩ ሮጡ፤ በሁለተኛው ጊዜ አንድ ብቻ።